ከልማት የቀደመ ግብር፤ የቢቸናና የሞጣ ነገር

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ «ወደ ኋላ የቀረ አገር» የሚል ቃል ያላነበበ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመጻፍም ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን በአንድ አውራጃ ስም አጠገብ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ለመፋቅ ብዙ ዘመን ይወስዳል። ዛሬ የምናወራው ይህ ስም ስለ ተሰጣቸው ሁለት አገሮች ነው፤ እነርሱም በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሁለቱም በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ አውራጃዎች ነበሩ። መንግሥት በአምስት ዓመት ፕላን አገሪቱን አለማለሁ ብሎ በተነሣበት በዚያው ዘመን፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ሁለቱም አውራጃዎች ዐመፁ። የልማት ነጋሪት በሚጎሰምበት ዘመን ዐመፅ ስለ ምን መጣ? ጥያቄዬ ይህ ነው። እኔ የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ይሁን እንጂ ይህን ነገር ለመረዳት ከሊቅነት ይልቅ የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደ ቀደመ ማየት የሚበቃ ይመስለኛል።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ዐባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ አቅፎ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ቢቸናና ሞጣ በዚህ ዕቅፍ ውስጥ በምሥራቁ ወገን ያሉ ናቸው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ዐባይ አቅጣጫ የሄደ መንገደኛ ግን ደጋው ያልቅበትና ገደሉ ይጀምረዋል። ከሞጣ በስተሰሜን ከገደሉ ማዶ በጌምድር ይታያል፤ ከመርጡለ ማርያም በስተምሥራቅ ደግሞ የወሎ ተራሮች ይታያሉ። ማዶ ያለው ሰው ለዐይን ቅርብ፣ ለእግር ግን ሩቅ ነው።

እነማይ፣ እናርጅ እናውጋ፣ እነብሴ ሣር ምድር፣ ሸበል በረንታ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ሁለት እጁ እነሴ እየተባሉ የሚጠሩት ወረዳዎች የእህል አገሮች ናቸው። የቢቸና ጤፍ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ስሙ የታወቀ መሆኑን ከእኔ ይልቅ የቤት እመቤቶች ይመሰክራሉ። እንግዲህ ጎተራው ባዶ ያልሆነ አገር በወረቀት ላይ ወደ ኋላ የቀረ የሆነው እንዴት ነው?

ምክንያቱ በመዝገብ የሚቈጠረው ነገር ሌላ ስለ ነበረ ነው። የሚቈጠረው በጥሬ ብር ወደ ግምጃ ቤት የገባ ግብር፣ በመኪና የተመላለሰ ዕቃ፣ ፋብሪካ፣ እንዲሁም በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ተማሪ ነበር። በዚህ ሚዛን ጎጃም ከብዙ ጠቅላይ ግዛቶች በታች ይውላል። በጎተራ ያለው ጤፍ፣ በጋን ያለው ጠላ፣ በቅኔ ቤት ያለው ተማሪ የሚጻፍበት ዐምድ አልነበረም።

ስለ ሙያ ከተነሣ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባኛል። ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉት በእነዚሁ አገሮች ነው። ቅኔ የሚቀኝ፣ መጻሕፍት የሚተረጕም፣ ብራና ዳምጦ የሚጽፍ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ሰው ከዚያ ይወጣል። በየገበያው ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ፣ ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ፣ ጠፍር የሚያወጣ ፋቂ አለ። እነዚህን ሁሉ ባላገሩ ራሱ ሲሰድባቸው ኖሯል። አፄ ምኒልክ ጥበበኛን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አገኘ። የመንግሥት ፕላን ደግሞ አልሰደባቸውም፤ ነገር ግን አላያቸውም። የሠለጠነ የሰው ኃይል እጥረት አለ ተብሎ በሚጻፍበት ጊዜ ሸማኔውን ከተሻለ መሸመኛ፣ ቀጥቃጩን ከብረታ ብረት ትምህርት፣ የቅኔውን ተማሪ ከመምህርነት ጋር የሚያገናኝ መሰላል አልተሠራም። መሰላል ያላገኘው የቅኔ ተማሪ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ጸሓፊ፣ የመዝገብ ቤት ሹም፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ሆነ። ከአድማጮቼ መካከል አባቱ ወይም አያቱ በዚህ መንገድ የመጣ ብዙ ሰው እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ።

ከዚህ መንገድ ከመጡት ሁሉ ስማቸው የታወቀው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻም የፕላንና የልማት ሚኒስትር ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው መጽሐፋቸው በዚሁ በዲማ አካባቢ የሚፈጸም ታሪክ ነው። በውስጡም ባላገሮች ጌታቸው በጫነባቸው ግብር ምክንያት ተነሥተው ሲዋጉ ይታያል። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት እውነተኛው ባላገር በእውነተኛው ቢቸና ተነሣ። ሚኒስትሩ አገሩን ያውቁ ነበር፤ የፕላኑ ወረቀት ግን የሚኒስትሩን ያህል አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ፕላኖቹ እንለፍ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን ከ1950 እስከ 1954 ዓ.ም. የነበረ ሲሆን በዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች ርዳታ የተዘጋጀ ነው። ዋና ሐሳቡም መንገድ፣ መገናኛና የሠለጠነ ሰው ማግኘት ነበር። ሁለተኛው ከ1955 እስከ 1959 ዓ.ም. ለፋብሪካና ለኤሌክትሪክ ኃይል አደላ። ሦስተኛው በ1961 ዓ.ም. ሲጀመር ፊቱን ወደ እርሻ መለሰ፤ ሆኖም በአገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጀመር ስለማይቻል በተመረጡ ሥፍራዎች እንጀምር የሚል ነበረ። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም። ሰውም ገንዘብም ያነሰው መንግሥት መምረጥ ግድ ይለዋል።

ነገር ግን በምርጫው ምሥራቅ ጎጃም አልገባም። ከአዲስ አበባ ዐባይን ተሻግሮ የሚሄደው ዋናው የመኪና መንገድ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ በኩል ወደ ምዕራብ ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። በካርታ ላይ ስናየው ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ማለፍ ያጥራል። ዋናው መንገድ በምዕራብ ስላለፈ ገንዘቡም፣ ዘመናዊው ዕውቀትም መንገዱን ተከትለው ሄዱ። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪዬት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ በዚያም የእርሻ መሣሪያ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሙያ ይሰጥ ነበር። በማግሥቱ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ ኤሌክትሪክ ጣቢያ ተመረቀ። ይህ ሁሉ ያማረ ሥራ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ሆኖም ከፖሊቴክኒኩ የእርሻ መሣሪያ ሙያ ተምሮ የወጣው ወጣት ሞጣ ተመልሶ የሚጠግነው ሞተር አልነበረም። የሠለጠነ ሰው ሥራ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሙያ የተማረ የሞጣ ልጅ ለሞጣ ሳይሆን ለሌላው አገር ሠለጠነ።

በዚያው ዘመን የዐባይ ሸለቆም ተጠንቶ ነበር። አሜሪካኖች በ1925 ዓ.ም. የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ደኸየ የተባለውን የቴነሲ ወንዝ አገር ለማልማት መነሣታቸው በዓለም ሁሉ ተሰምቶ ስለ ነበር፣ ወንዝን ይዞ አገርን ማልማት የዘመኑ ትልቅ ሐሳብ ነበረ። በዚያ አገር ግድቡ ብቻ አይወራም። ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ አዲሱን ማዳበሪያ ይሞክር፤ ያገኘውንም ምርት በመዝገብ ይጽፍ፤ ጎረቤቱም መጥቶ ያይ ነበር። ወደ እኛ የመጣው የአሜሪካ መንግሥት የጥናት ቡድን በ1956 ዓ.ም. ያቀረበው ሪፖርት ለግድብ የሚሆኑ ሥፍራዎችን አመለከተ፤ ከእነርሱም አንዱ በዚሁ በጎጃም ገደል ሥር ያለው ካራዶቢ ነው። ሪፖርቱ በሱዳን ድንበር አጠገብ የጠቆመው ሥፍራ ግንባታው በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ መነሻ ሆነ። ጥናቱ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው። የቴነሲው የገበሬ ማሳ ግን ወደ ቢቸና አልመጣም።

ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የመጣው ምንድን ነው? ገማች ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ 1934 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ጣሊያን እንደ ወጣ መንግሥት መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመክፈል በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር ደነገገ። ጋሻ ለመቍጠር ግን መሬት መለካት አለበት። በጎጃም መሬት አልተለካም፤ ባላገሩም እንዲለካ አልፈቀደም። ቀላድ በደቡብ አገር በተጣለ ጊዜ «ትርፍ» እየተባለ የተወሰደው መሬት ምን ያህል እንደ ሆነ ወሬው ደርሶታል። ከብዙ ክርክርና ከጠብ በኋላ ጎጃም ከጣሊያን ወረራ በፊት ይከፍለው የነበረውን ግብር እየከፈለ እንዲቀጥል ተደረገ። በእነዚሁ ዓመታት በቢቸና በአርበኝነት የታወቁት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። የዚህን ታሪክ ፍርድ ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት በቢቸና በምን ዐይን ይታይ እንደ ነበር ይህን ሳያስታውሱ ማወቅ አይቻልም።

የርስትም ነገር አለ። ከተማ የተወለደ ሰው ርስት ሲባል የአንድ ሰው ንብረት ይመስለዋል። በጎጃም ግን ርስት ከአንድ ቅድመ አያት የተወለዱ ሁሉ፣ በአባትም በእናትም ወገን፣ ይገባናል ብለው የሚከራከሩበት መብት ነበር። ዛሬ የሚያርሰው እርሱ ቢሆን ነገ የአክስቱ ልጅ መጥቶ ድርሻዬን ሊለው ይችላል። የግብር ደረሰኝ በእንዲህ ያለው ክርክር እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ስለዚህ መዝጋቢ መጥቶ አንድን ማሳ ከአንድ ስም ጋር አያይዞ በጻፈ ጊዜ፣ ለርሱ ግብር መመዝገቡ ነው፤ ለባላገሩ ግን ዘመዶቹን ሁሉ ከርስት መንቀሉ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል የሚያዝ ነው። ስለ አዋጁ እውነቱን መናገር ይገባል፤ በወረቀት ላይ ከአሥራት የተሻለ ነበር። አሥራት የድኻውንም የሀብታሙንም እኩል ከአሥር አንድ ይወስዳል፤ አዲሱ ግብር ግን ገቢው ከፍ ላለው ከፍ የሚል ነው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ለባላገሩ ክፉ አስበው ነበር ለማለት አልደፍርም። ይልቁንም ትልልቅ ባለመሬቶች በፓርላማ አጥብቀው የተከራከሩበት አዋጅ ነው።

ነገር ግን ገቢ ያለ ግምት አይታወቅም፤ ግምትም ያለ ገማች አይሆንም። ገማቹ ደግሞ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሄደው ባዶ እጁን ነው። ከርሱ በፊት ምርጥ ዘር ይዞ የሄደ አልነበረም። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ግብር፣ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ግብር በአገሪቱ ገጠር ላይ ተደንግጎ ነበር፤ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ግን በአብዛኛው ከከተማ አልወጡም። ባላገሩ በጠቅላይ ግዛቱ ሹሞች ላይ፣ ለጦር መሣሪያ ምዝገባ ስለሚጠየቀው ገንዘብና በልዩ ልዩ ምክንያት ስለሚሰበሰበው መዋጮ የቈየ ቅሬታ ነበረው። ስለዚህ አዲሱን ግብር የቀላድ መግቢያ አድርጎ ተረጐመው። የገማቾቹን ሥራ ከለከለ፤ አቤቱታ አቅራቢም ወደ አዲስ አበባ ላከ። አቤቱታው መልስ ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ዋና የዐመፁ ሥፍራዎች ሆኑ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በክረምቱም የጦር አውሮፕላን መንደሮችን ደበደበ። በሦስተኛው የአምስት ዓመት ፕላን ዋዜማ ለቢቸናና ለሞጣ የተላከው አውሮፕላን ይህ ነበር።

ፍጻሜው በጣም የታወቀ ነው። በጦር አልበረደም። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራው ተነሡ፤ ጦሩ ተመለሰ፤ የኋላው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ይህን ታሪክ ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ ከመጀመሪያው ወያኔና ከባሌው ዐመፅ ጋር አያይዘው በመጽሐፍ በሰፊው ጽፈውታል።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ አውራጃ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በአሰላ ማእከሉን አደረገ። በቁሉምሳ ዘር ይሞክራል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ስንዴ በዱቤ ይሰጣል፤ ወተት ይሰበስባል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ባለሙያ እያስተማረ አርአያ ገበሬ ያወጣል። አንዱ መንግሥት በአንዱ ዓመት ወደ ጭላሎ ዘር፣ ወደ ቢቸና ግምት ላከ።

ጭላሎን ግን እንደ ገነት አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ምርቱ ባደገ ጊዜ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ አዩና ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስለቀቁ። ልማቱ የመጣለት ሰው በልማቱ ተሰደደ። በዚህ ነገር ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነጥብ አለ። በቢቸናና በሞጣ አብዛኛው አራሽ ባለርስት ነበር፤ እንደ አርሲ ሰፊ መሬት ይዞ ጭሰኛ የሚነቅል ጌታ ብዙ አልነበረም። ለጭላሎ የተላከው ዘርና ዱቤ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ቢላክ ኖሮ ትርፉ በአራሹ እጅ የሚቀር ነበር። ወደ ኋላ የጐተተ ሥርዐት እየተባለ የሚወቀሰው ርስት ለእንዲህ ያለው ልማት የተሻለ መሠረት ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ሊኖር ይችላል።

ሌላውም ክርክር ተገቢ ክብር ያሻዋል። «መንገድም ትምህርት ቤትም በገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ጎጃም ግብር አልከፍልም ካለ ልማት ከየት ይመጣል?» የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በጀት ይዞ የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ንቆ አያልፈውም። መልሱ ግን በራሱ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። ዐመፁን ለማብረድ የወጣው የጦር ወጪና የተማረው ውዝፍ ሁሉ ያለ አንድ ክንድ መንገድ ባከነ። የተጠየቀው ባላገር ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር በዐይኑ አይቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ስለ ግብሩ መጠን ይሆን ነበር፤ ስለ ርስቱ ሕይወትና ሞት አይሆንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1964 ዓ.ም. ማዳበሪያና ዱቤ ለብዙ አገር ለማዳረስ ሲታሰብ ሥራው ክረምት ከበጋ መኪና በሚያስኬዱ መንገዶች ግራና ቀኝ እንዲሆን ተወሰነ፤ መንገድ ያላገኘ አገር አሁንም ጠበቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት በሕግ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም መሬት እንደ ገና ሲከፋፈል ስንት ቅሬታ እንደ ተነሣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. የእርሻ ውጤት የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የተመረቀውም በቡሬ፣ በዚያው በምዕራቡ መንገድ ላይ ነው።

ስለ ድልድዩ ሳልናገር ንግግሬን ብፈጽም የሞጣ ሰዎች ይቀየሙኛል። ከሞጣ በስተሰሜን ዐባይ በጠባብ ዐለት መካከል በሚያልፍበት ሥፍራ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድልድይ አለ። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኛል፤ ገበያተኛ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ በርሱ ይሻገር ነበር። በጣሊያን ጦርነት ዘመን ጠላት እንዳይሻገር ሲባል መካከለኛው ቅስት ተሰበረ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን አልተጠገነም። የመጀመሪያው ፕላን ታወጀ፤ ሁለተኛው ታወጀ፤ ሦስተኛውም ታወጀ። መንገደኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ ከዚህ ማዶ ያሉ ሰዎች እየለቀቁለት፣ ከዚያ ማዶ ያሉ እየጐተቱት በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። አፄ ፋሲል ድልድዩን ያሠሩበት የግንበኝነት ሙያ ለልጅ ልጅ አልተላለፈም፤ ፖሊቴክኒኩ ደግሞ በባሕር ዳር ነበር።

በ1990ዎቹ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ በጎ አድራጊ ማኅበር ሰዎች መጥተው የአገሩን ሰው ይዘው ክፍተቱን በብረት ገጠሙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዐባይ ሙላት ብረቱን ወሰደው። እንደ ገና ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በርሱ ላይ የሚሻገር ሰው ወደ ታች ሲመለከት የፋሲል ዘመን ግንብ ግማሹ በዚህ ማዶ፣ ግማሹ በዚያ ማዶ ቆሞ ያየዋል።